የጠርዙ ሰው
(ስለ ፎቶግራፍ ክርከማ)

በአማርኛ ፎቶግራፍን ለመሰየም ከተፈጠሩት ቃላት መካከል «ጉርድ» የሚለውን ያህል ሐቀኛ ቃል ማግኘት ያስቸግራል። ጉርድ ቀሚስ፣ ጉርድ በርሜል እንደሚባለው ሁሉ፣ ጉርድ ፎቶግራፍም የጎደለ ነገር መኖሩን በስሙ ላይ ተሸክሞ ይዞራል። ሌላው ዓለም ይህንኑ ምስል በፓስፖርት ስም ሲጠራው፣ አማርኛ የጠራው በመቆረጡ ነው። ወደ ፎቶ ቤት ገብቶ «ሦስት በአራት ጉርድ» ሲል የሚያዝ ሰው፣ ከደረቱ በታች ያለው ሰውነቱ፣ የቆመበት መሬት፣ የተጫማው ወይም ያልተጫማው ጫማ፣ አብሮት የመጣው ዘመድ ሁሉ ከምስሉ ውጭ እንዲቀር አስቀድሞ ተስማምቷል። የሚቆረጠው እርሱ ነው፤ ቁረጡኝ ያለውም እርሱ ነው። በዚህ ውል ውስጥ የተበደለ ወገን የለም።

ጥያቄው የሚነሣው ቆራጩና ተቆራጩ ሁለት ሰዎች ሲሆኑ ነው። አንድ ሰው የሌሎችን ምስል ከፊቱ ዘርግቶ ይህ ይቅር፣ ያ ይውጣ ሲል የሚሠራበት ሥልጣን ምን ዐይነት ነው? የዕይታ ውበትን ብቻ የሚመለከት የሙያ ጉዳይ ነው ወይስ ፍርድ? ፍርድ ከሆነስ፣ ፍርድ ቤቱ የት ነው? ተከሳሹስ የተሰማው መቼ ነው?

መሣሪያው ዛሬ በብዙ ሰው እጅ ገብቷል። ቀድሞ በጨለማ ክፍል ውስጥ በማጉያው ሥር፣ ወይም በጠረጴዛ ላይ በመቀስና በምላጭ ይሠራ የነበረው ክርከማ፣ እንደ ፎቶሾፕ ባለ የኮምፒዩተር መርሐ ግብርም ሆነ በእጅ ስልክ ላይ የጣት ሥራ ሆኗል። ሠራተኛው የሚፈልገውን የወርድና የቁመት ምጥጥን በሁለት ሣጥኖች ውስጥ ይጽፋል፤ 3 ለ4፣ 1 ለ1፣ 9 ለ16፣ ወይም ራሱ የወሰነውን ሌላ ቁጥር። ወዲያውኑ በምስሉ ላይ አንድ መስኮት ይዘረጋል፤ መስኮቱ ቢሰፋም ቢጠብም ምጥጥኑን አይለቅም፤ ከመስኮቱ ውጭ ያለው ሁሉ ይጠቁራል። አንድ ቁልፍ ሲነካ የጠቆረው ይወገዳል። ሒሳቡን መመልከት ይጠቅማል። ወርዱ 6000፣ ቁመቱ 4000 ነጥብ የሆነ ምስል ቁመቱ ሳይነካ ወደ 3 ለ4 ጉርድ ሲለወጥ የሚቀረው ወርድ 3000 ነው፤ ግማሹ ምስል ሄደ ማለት ነው። ወርዱና ቁመቱ እኩል እንዲሆን ከተፈለገ ሲሶው ይወድቃል። የቆመ የእጅ ስልክን ገጽ ለመሙላት 9 ለ16 ሲደረግ ደግሞ የሚተርፈው ወርድ 2250 ብቻ ነው፤ ከመቶ 62 ተኩል የሚሆነው ተጥሏል። ዓለምን በስልክ መስኮት ማየት የለመደ ሰው፣ ተጋድሞ ከተነሣ ከእያንዳንዱ ምስል ከሲሶ ጥቂት የሚበልጠውን እያየ፣ ሙሉውን አየሁ ብሎ ያልፋል።

እርግጥ ነው፣ ፎቶግራፍ ከመነሻውም ቁራጭ ነው የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ካሜራው ወደ ሰሜን ሲዞር ደቡቡ ቀርቷል፤ ዛሬን ሲያነሣ ትናንት አምልጧል። ገጣሚም ከሺህ ቃላት ዐሥሩን ይመርጣል፤ ተውኔት ጸሐፊም ከአንድ ሰው ዕድሜ የሁለት ሰዓት ያህሉን ቆርጦ መድረክ ላይ ያወጣል። ታዲያ ከርካሚው ምን የተለየ ኃጢአት ሠራ?

መከራከሪያው ግማሽ እውነት አለው፤ ግማሹ ግን ያመልጠዋል። ፎቶግራፍ አንሺው ቁልፉን በተጫነባት ቅጽበት ከጀርባው የሆነውን ሁሉ አያውቅም። የሰው ዐይን ውሱን ነው፤ ጊዜውም አይጠብቅም፤ ስለዚህ የእርሱ መቁረጥ በከፊል የሰውነት ዕጣ ነው። ከርካሚው ግን ተቀምጧል። ጊዜ አለው። ምስሉ በሙሉ ፊት ለፊቱ ነው፤ በቀኝ ጠርዝ የቆመችውን ሴት አይቷታል፤ ምናልባትም ፊቷ ላይ ያለውን ስሜት አንብቧል። ካየ በኋላ ነው እንዳትታይ የሚያደርጋት። ባለማወቅ በመተውና እያወቁ በማስወጣት መካከል ያለው ልዩነት በሌላው የሕይወት መስክ ሁሉ ትልቅ ልዩነት ነው፤ በምስል ላይ ሲደርስ የሚያንስበት ምክንያት የለም። የገጣሚውም ንጽጽር ቢሆን አያዛልቅም፤ ያልተመረጠ ቃል አይከፋም፤ የተቆረጠ ሰው ግን ይከፋል።

ከዚህም በላይ፣ ምጥጥን የሚባለው ነገር ለቆራጩ ምቹ መሸሸጊያ ይሆናል። «ለምን አወጣኸኝ?» ተብሎ ሲጠየቅ «እኔ አይደለሁም፤ መጠኑ አልበቃ ብሎ ነው» ይላል። ቁጥር ስም የለውም፤ ዘመድ የለውም፤ አያዳላም ይባላል። ሆኖም 3 ለ4 የሚለው ቁጥር የሚወስነው ስንት እንደሚቀር ብቻ ነው፤ ማን እንደሚቀር አይወስንም። መስኮቱን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚገፋው የሰው ጣት ነው። ብዙ ቢሮክራሲ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ውሳኔው የሰው ሆኖ ሳለ ፊርማው የደንብ ነው።

ለዚህ በቅርቡ የታየው ምሳሌ ዓለም አቀፍ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 በስዊዘርላንድ ዳቮስ ከተማ አምስት ወጣት ሴቶች ስለ አየር ንብረት ለውጥ ተናግረው አብረው ፎቶግራፍ ተነሡ። አራቱ አውሮፓውያን ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዷ ግሬታ ቱንበርግ ናት። አምስተኛዋ ዑጋንዳዊቷ ቫኔሳ ናካቴ በአንዱ ጠርዝ ላይ ቆማ ነበር። አሶሺየትድ ፕሬስ ያሰራጨው ምስል አራቱን ብቻ ይዞ ወጣ። የተሰጠው ማብራሪያ የሙያ ማብራሪያ ነበር፤ ከእርሷ በስተጀርባ የነበረው ሕንፃ የምስሉን አቀማመጥ ስላበላሸ የተደረገ ነው ተባለ። ድርጅቱ ክፉ ሐሳብ እንዳልነበረበት ገልጾ ተጸጽቷል፤ ሙሉውንም ምስል አውጥቷል። ማብራሪያው እውነት ሊሆን ይችላል። የሚያስፈራውም እውነት መሆኑ ነው። ጥላቻ ሳይኖር፣ ለአንድ ሕንፃ ሲባል ብቻ፣ ከአፍሪካ የመጣች ብቸኛዋ ሰው ወደቀች። ናካቴ በበኩሏ ነገሩን የወሰደችው የአንዲት ሴት መቆረጥ አድርጋ ሳይሆን የአንድ አህጉር መደምሰስ አድርጋ ነበር፤ እንዲህ ማለቷም አልተጋነነም።

እዚህ ላይ ማሰብ የሚገባው፣ ጠርዝ ላይ የሚቆመው ማን ነው የሚለው ነው። ከርካሚ ሁልጊዜ የሚቆርጠው ከጠርዝ ነው፤ ከመሐል መቁረጥ አይችልም። እንግዲህ ሰዎች በምስል ውስጥ በዕጣ የሚሰለፉ ቢሆን ኖሮ ክርከማ እንደ ዕጣ በሆነ ነበር። ነገር ግን ሰው በዕጣ አይሰለፍም። ባለሥልጣኑ፣ ሽማግሌው፣ ሙሽራው፣ እንግዳው መሐል ይሆናል፤ ያፈረው፣ የደኸየው፣ ዘግይቶ የተጠራው፣ «አንተም ና» የተባለው ጠርዝ ይይዛል። ኅብረተሰቡ አስቀድሞ የደረደረውን መቀሱ ተከትሎ ይፈጽማል።

ይህን ነገር አጥርቶ ለማየት ካፋን የመሰለ ምድር ማግኘት ያስቸግራል። የቀድሞው የካፋ መንግሥት በጥልቅ ቦዮችና በኬላዎች የተከበበ አገር ነበር፤ ንጉሡ ታቶ፣ የሚክሬቾ አማካሪዎቹ፣ ቦንጋና አንድራቻ በመሐል፤ ድንበሩ ላይ ደግሞ በር ጠባቂዎች። አገሩ ራሱ ክፈፍ ነበረው ማለት ይቻላል። በእነዚያ ኬላዎች ጥበቃ ላይ ከተሰማሩት መካከል ማንጆ ተብለው የሚታወቁት፣ በአደን፣ በማር፣ በኋላም በከሰልና በማገዶ የሚተዳደሩት ሰዎች ነበሩ። የአገሩን ጠርዝ የጠበቀው ይህ ወገን በማኅበራዊ ኑሮም ጠርዝ ላይ እንዲኖር ተደረገ። ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ አይቀርብም፤ አይጋባም፤ በመንገድ ሲገናኝም ወርዶ፣ ዝቅ ብሎ ያሳልፍ ነበር። ብዙው ልማድ በሕግም በትምህርትም እየላላ ቢመጣም ጨርሶ አልጠፋም።

እንግዲህ በቦንጋ ዙሪያ ባለ አንድ መንደር ለቅሶ ወይም ድግስ ላይ የተነሣ አንድ ሰፊ ምስል ይታሰብ። መሐሉን ሽማግሌዎች ይዘዋል። ከዳስ ራቅ ብለው ለብቻቸው የተቀመጡ፣ ምናልባትም ማገዶውን ያመጡት፣ በግራ ጥግ ይታያሉ። ምስሉ ለቀን መቁጠሪያ ወይም ለመጽሔት ሽፋን ሲፈለግ ቀጥ ያለ ጉርድ መሆን አለበት፤ መስኮቱ መሐሉ ላይ ያርፋል፤ ግራው ጥግ ይጠቁራል። ሠራተኛው ማንጆ የሚባል ሕዝብ መኖሩን እንኳ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። አዳራሹ ያወጣውን ሰው እርሱ ለሁለተኛ ጊዜ አወጣው። የመጀመሪያው ማስወጣት ቢያንስ ይታይ ነበር፤ የተለየ መቀመጫ፣ የተለየ ዋንጫ፣ በመካከል የተተወ ክፍት መሬት ለተመልካች ይናገር ነበር። ሁለተኛው ያንን ክፍት መሬት ራሱን አጠፋው። በውጤቱም የተከፋፈለ ድግስ የአንድነት ድግስ መስሎ ታተመ። ይህ ምስል በየትኛውም ነጥቡ አልተዋሸበትም፤ የተቀባ ፊት፣ የተለጠፈ ራስ የለበትም። ያም ሆኖ የሚለው ነገር ሐሰት ነው።

ሰው ብቻ ሳይሆን ታሪክም እንዲሁ ይጎረዳል። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ፣ ከ700,000 ሄክታር በላይ የሚሸፍነው ይህ ምድር በብዙ ምስል ታይቷል። ጭጋግ የለበሰ አረንጓዴ፣ ከጥላው ሥር የቀላ የቡና ፍሬ፣ እጅ ያልነካው ተፈጥሮ። ማንኪራ የቡና መገኛ ተብላ ትጠራለች፤ በቦንጋም ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ተሠርቷል። ይህ ሁሉ የሚያኮራ ነው። ሆኖም «እጅ ያልነካው» የሚለው አነጋገር ጉርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 የምኒልክ ጦር በወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ መሪነት ካፋን ወግቶ የመጨረሻውን ታቶ ጋኪ ሸሮቾን ሲማርክ አገሩ በሰው ብዛት የታወቀ፣ የሚታረስ፣ የሚነገድበት አገር ነበር። ከድሉ ጥቂት ወራት በኋላ ከዚያው ጦር ጋር በካፋ በኩል ያለፈው ሩሲያዊ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች እ.ኤ.አ. በ1900 ባሳተመው መጽሐፉ የተራቆቱ መንደሮችንና የተበተነ የሰው አጥንት ማየቱን ጽፏል። ከዚያ በኋላም ባርነትና በሽታ ነበር። ሰው በራቀበት እርሻ ላይ ደን ተመልሶ በቀለ። ዛሬ ጥንታዊ መስሎ ከሚታየው ጫካ ውስጥ የተወሰነው በባድማ ላይ የበቀለ ነው። ሥዕሉ ደኑን ብቻ ሲያሳይ አይዋሽም፤ ደኑ አለ። ነገር ግን ከጠርዙ ውጭ የቀረው ነገር ዛፍ ሳይሆን ሕዝብ ነው። ቡናውን የሚለቅመው፣ ቀፎውን የሚሰቅለው፣ በካፊ ኖኖ የየዛፉን ስም የሚያውቀው ሰውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ በዚያ አረንጓዴ ውስጥ የሚገባው ለጌጥ ያህል፣ አንድ እጅ ሙሉ ቀይ ፍሬ ሆኖ ነው። እጅ፤ ያለ ፊት።

ክርከማ በዘመኑ ትልቁን ሥራ የሠራው ግን ምናልባት በአንድ የኩባ ምስል ላይ ነው። አልቤርቶ ኮርዳ እ.ኤ.አ. መጋቢት 5 ቀን 1960 በሃቫና ያነሣው የቼ ጌባራ ፎቶግራፍ በመላው ዓለም በሸሚዝና በግድግዳ ላይ ታትሟል፤ በኢትዮጵያም ስንት ተማሪ ክፍሉ ውስጥ እንደ ሰቀለው የዘመኑ ሰው ያውቃል። ሙሉው ምስል ግን ተጋድሞ የተነሣ ነው፤ በአንድ ወገን የዘንባባ ቅጠል፣ በሌላው ወገን የአንድ ሰው የጎን ገጽታ አለበት። ሁለቱም ሲቆረጡ መሐሉ ላይ የቀረው ሰው ቦታና ሰዓት የሌለው፣ ወደ ዘላለም የሚመለከት ፊት ሆነ። ጠርዝ ላይ የነበረው አርጀንቲናዊው ጋዜጠኛ ኾርሄ ማሴቲ ነበር፤ የኩባን ዜና አገልግሎት ፕሬንሳ ላቲናን ያቋቋመ ሰው ነው። ለዚያው ዓላማ ትጥቅ አንሥቶ እ.ኤ.አ. በ1964 በሰሜን አርጀንቲና ጫካ ውስጥ ጠፍቶ ቀረ። ከምስሉ ጠፋ፤ ከምድርም ጠፋ። በክርከማው ጥበብ አተረፈች ማለት ይቻላል፤ ምስሉ ያለ ጥርጥር በረታ። ክፍያው ግን ከማን ኪስ እንደ ወጣ ለማየት የሚፈልግ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ማየት አለበት።

ይህን ሁሉ ብሎ ክርከማን ማውገዝ ግን ቀላልና የተሳሳተ ይሆናል። ጉርድ ፎቶግራፍ ራሱ የቸርነት ሥራ የሠራባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው። በቀበሌ መታወቂያ ላይ ባለ መሬቱም ጭሰኛ የነበረውም፣ ባለ ጫማውም ባዶ እግሩም በአንድ መጠን ተቆርጠው እኩል ፊት ሆነዋል። በገጠር ለብዙ ሰው በሕይወት ዘመኑ የተነሣው ብቸኛ ፎቶግራፍ ይኸው የመታወቂያው ነው፤ ሲሞት ልጆቹ ወደ ፎቶ ቤት ወስደው ያሳድጉታል፤ በለቅሶ ድንኳንም በአርባውም የሚቆመው እርሱ ነው። አንዳንዴ እርሱም ሳይኖር ይቀርና ከጎረቤት ሠርግ ምስል ላይ የሟች ራስ ተቆርጦ ይወጣል። እዚያ ሙሽሮቹ ናቸው የሚወድቁት፤ ሠርገኛ ሆኖ ጠርዝ ላይ የቆመው ሰው መሐል ይገባል። መሣሪያው ያው ነው፤ ፍትሑ ግን ተገልብጧል።

በቀይ ሽብር ዘመንም ከጓደኞች ጋር በቡድን የተነሡትን ፎቶግራፍ የቀደዱ፣ ያቃጠሉ፣ የባልንጀራን ፊት በምላጭ ያወጡ ነበሩ፤ ምስሉ በፍተሻ ቢገኝ የሌላው ሰው ሞት ማስረጃ እንዳይሆን ነው። ያ መቁረጥ መደበቅ እንጂ መደምሰስ አልነበረም። በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባ በመስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳዎች በሟቾች ምስል ተሞልተዋል፤ ብዙዎቹ ጉርድ ናቸው። ለትምህርት ቤት፣ ለሥራ፣ ለመታወቂያ የተነሡ ወጣቶች። ከእነዚያ ፊቶች ዙሪያ የተቆረጠው ምን እንደ ነበረ ግድግዳው አይናገርም፤ ሆኖም ጎብኚው ጉድለቱን ያውቀዋል፤ ሊያውቀውም የሚችለው ጉርዱ ጉርድ መሆኑን ስለማይደብቅ ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ቁስሉን የሚያሳይ መቁረጥ አለ፤ ቁስሉን የሚሸፍን መቁረጥም አለ። በመቀስ ከተቆረጠ የቤተሰብ ምስል ላይ ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ያመልጣል፤ የወጣው ሰው ፊት ይሄድና በቀረው ሰው ትከሻ ላይ ያሳረፈው እጅ ይቀራል። ጣቶቹ ያለ ባለቤት ተጋድመው ይታያሉ። ቤተ ዘመድ ሁሉ የማን እጅ እንደ ሆነ ያውቃል፤ ልጆችም ሲያድጉ ይጠይቃሉ። አዳዲሶቹ መርሐ ግብሮች ይህችንም እጅ በማጥፋት የተካኑ ናቸው፤ ትከሻውን በልብሱ ቀለም ይሞሉታል። በሙያ ዐይን ሥራው ጠራ ይባላል። ለጠያቂው ልጅ ግን ምንም አልተረፈለትም።

የአገራችን ጥንታዊ ሠዓሊ ይህ ችግር ሲገጥመው ሌላ መንገድ ነበረው። ሸራው ወይም ግድግዳው ሲጠብበት ሰው አልቆረጠም፤ አሳነሰ፣ አጠጋጋ፣ ደራረበ። በዐድዋ ሥዕሎች ላይ ሠራዊቱ ራስ በራስ ላይ ተደርድሮ ይታያል፤ ከኋላ ያሉት የሚታያቸው ዐይናቸው ብቻ ቢሆንም አሉ። ሥዕሉን ያሠራው ምእመን እንኳ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ፣ ትንሽ ሆኖ ስፍራ ያገኛል። ሠዓሊው ማዕረግን አላስቀረም፤ ትልቁን ትልቅ፣ ትንሹን ትንሽ አድርጓል፤ ይህም የራሱ በደል አለው። ቢሆንም ማሳነስና ማስወጣት አንድ አይደሉም፤ ያነሰው ሰው ገና ሊቆጠር ይችላል። ካሜራ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ምስልን በግድ ጨምቆ ከምጥጥኑ ጋር ማስማማትም ሰውን ሁሉ ያጣምማል፤ ስለዚህ የሠዓሊው መንገድ ለፎቶግራፍ አልተከፈተም።

ለፎቶግራፍ የተከፈተው ሌላ ነው። ዛሬ በብዙ መርሐ ግብሮች ውስጥ ክርከማ ሁለት ዐይነት ነው፤ አንዱ የተቆረጠውን ለዘለዓለም ያጠፋል፤ ሌላው ከመስኮቱ ጀርባ ደብቆ ያቆየዋል። ሁለተኛውን የመረጠ፣ መስኮቱን መልሶ ቢያሰፋው ያ በግራ ጥግ የነበረ ሰው እንደ ተቀመጠ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ አስገራሚ ነገር ታወቀ፤ በአንዳንድ የጉግል ፒክስል ስልኮች ላይ ተከርክመው የተላኩ ምስሎች፣ በመርሐ ግብሩ ጉድለት ምክንያት፣ የተቆረጠውን ክፍል በከፊል በውስጣቸው ይዘው ሲዞሩ ከርመዋል፤ የሚያውቅ ሰውም ሊያወጣው ይችል ነበር። ለምስጢር ጠባቂ ይህ አደጋ ነው፤ ስንቱ የባንክ ቁጥሩን የቆረጠ መስሎት ልኳል። ለታሪክ ጠባቂ ግን ያ ጉድለት የሚያስቀና ነው።

በባህል መሥሪያ ቤቶችና በመጽሔት ክፍሎች ውስጥ ይህ ምርጫ በየቀኑ ይደረጋል፤ ብዙውን ጊዜም ሳይታሰብበት። የካፋን ጥንታዊ ኑሮ የሚያሳዩት ቀደምት ፎቶግራፎች አብዛኞቹ በውጭ ተጓዦች የተነሡ ናቸው። ከእነዚህ ተጓዦች መካከል ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር እ.ኤ.አ. በ1905 ወደዚያ ተጉዞ በኋላ ስለ ካፋ በ1920 እና በ1923 ሁለት ቅጽ አሳትሟል። እንዲህ ያሉ ሥዕሎች ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ፣ ከመጽሐፍ ወደ ስልክ ሲገለበጡ በየመንገዱ ለየገጹ መጠን ይከረከማሉ፤ ቅጂው የሌላ ቅጂ ጉርድ ይሆናል። ከጥቂት ትውልድ በኋላ ዋናው ሲጠፋ ጉርዱ ዋና ይባላል። በግርጌ ጽሑፍ ላይ «ከሰፊ ምስል የተወሰደ» የምትል አንዲት ሐረግ ስንት ቦታ ትይዛለች? ሙሉውን ምስል በቦንጋ ባለ አንድ መዝገብ ቤት ማስቀመጥስ፣ በስተጀርባውም ከመሐሉ ሰው ስም ቀጥሎ የጠርዞቹን ሰዎች ስም፣ ጎረቤቶቻቸው በሕይወት ሳሉ ጠይቆ መጻፍስ? የሽማግሌዎቹን ስም የሚያውቅ ብዙ ነው። ማገዶውን ያመጡትን በስም የሚጠራቸው በየዓመቱ እያነሰ ነው።